ማርሴይ ላይ ያነሳሁት ጀርባ

ጌንቾ በሞተ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሚስቱ ዶብሪና በሬን አንኳኳች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። የመጣችበትን ጉዳይ እዚያው ቆማ ነገረችኝ፦ ዐርባው እየደረሰ ነው፣ አዲስ የሐዘን ወረቀት መታተም አለበት፣ ለወረቀቱ ደግሞ ደህና ፎቶ ያስፈልጋል። እኛ ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶው ከነስሙ በቤቱ በር፣ በመንገዱ ዛፎችና በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለዐርባው፣ ለመንፈቁና ለሙት ዓመቱ እንደገና ይለጠፋል። ለመጀመሪያው ወረቀት በጥድፊያ የተገኘው የአውቶቡስ መታወቂያው ፎቶ ስለነበር፣ ጌንቾ ከወር በላይ በየዛፉ ላይ ዶሮ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው ሲያፈጥብን ከርሟል።

"ዓለሙን አብራችሁ ዞራችኋል" አለችኝ። "ከዚያ ሁሉ ፎቶ መሃል ፊቱ በደንብ የሚታይበት አንድ አይጠፋም መቼም።"

እፈልጋለሁ አልኳት። እሷ ደረጃውን ስትወርድ ግን ጀርባዋን እያየሁ ማሰብ ጀመርኩ። ልጇ ስልክ ላይ ስንት ፎቶ እያለ ለምን እኔ ጋ መጣች? ሳጥኖቼ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ፈልጋ ይሆን? እኔ እንዲህ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ሰማንያ ዓመት ሳልመነጠር የኖርኩት ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም።

ማኖል እባላለሁ። ዳኑብ ዳር፣ ሩሴ ከተማ ተወልጄ እዚሁ አርጅቻለሁ። በመሃሉ ግን አሥራ ሁለት ዓመት የአንድ መጽሔት የጉዞ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ጌንቾ ይጽፋል፣ እኔ አነሳለሁ። ያኔ አገሩ በር ተዘግቶበት ስለነበር ሰው ባሕር ማዶን የሚያየው በእኛ ገጾች ላይ ነበር። ሁለት ሰው ወደ ውጭ ሲላክ አንዱ የሌላው ጆሮ ጠቢ ነው ይባል ነበር። እኔ አልነበርኩም። እንግዲህ ማን እንደሚቀር መቁጠር ለማንም አይከብድም።

አሥራ አንዱን ሳጥን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁና መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ታንጀር ላይ ያነሳሁት ሻይ ሻጭ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። ይህን ፎቶ ያዩ ሰዎች ሁሉ ብርሃኑን ያደንቃሉ። እኔ የማየው ግን ከሻይ ሻጩ ትከሻ ኋላ፣ ስልክ ቤቱ በር ላይ የቆመውን ጌንቾን ነው። ለማን ሊደውል ነበር? ካልካታ ላይ ባቡሩ ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎች አሉ፤ ጥግ ላይ ጌንቾ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ይጽፋል፣ ዓይኑ ግን ባቡሩ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው። ሃቫና ላይ የጸጉር ቤት መስታወት ውስጥ ከአንድ መነጽራም ጋር ያንሾካሹካል። ሳማርካንድ ላይ ሐብሐብ ሻጮቹ ቆርጠው ሲያቀምሱን ሰዓቱን ያያል።

ዓለምን ዞሬ ያነሳሁትን ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ ዘርግቼ ሳየው አዘንኩ። ሻይ ሻጩ ቆንጆ እጆች ነበሩት፤ ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ አላስታውሰውም። ቀልቤ እሱ ጋ አልነበረም። ፎቶ አይዋሽም የሚል ሰው ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ፎቶ ዝም ብሎ ተቀምጦ የጠየቅኸውን ብቻ የሚመልስ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ስጠይቀው ኖሬያለሁ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ፓስፖርቴን ያስነጠቀኝ ማነው?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ዲሞ ይባላል። በዳኑብ ላይ እስከ ቪየና ድረስ ጭነት በሚወስድ ጀልባ ይሠራ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቪየና ላይ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። የከዳ ሰው ቤተሰብ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ መጽሔቱ ሊቀጥረኝ ሲል አንድ ወረቀት ቀረበልኝ። "ወንድም የለኝም" ይላል። ፈረምኩ። ያኔ ያልፈረመ ማን አለ? ወረቀቱ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ እናቴ ራይና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እስከምትሞት ድረስ እኔ ባለሁበት የዲሞን ስም አንስታ አታውቅም። እኔም ብልህ ሴት ናት፣ የሆድን በሆድ ይዛ ነው ብዬ ተመቸኝ።

ማርሴይ የሄድነው በማርች ወር መጀመሪያ ነው። ስለ ወደቡ ልንሠራ። ምሳ ከበላን በኋላ ጌንቾ ራሱን እንዳመመው ነግሮኝ ወደ ክፍሉ ገባ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ኮቱን ለብሶ በኋላ በር ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ተከተልኩት። ወደቡ ዳር፣ ከዓሣ ሳጥኖቹ ማዶ፣ ግራጫ ኮት ከለበሰና ባርኔጣ ከደፋ ወፍራም ሰው ጋር ቆመ። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶኛል። እጅ ለእጅ አንድ ነገር ተቀባበሉ። ረጅሙን ሌንስ አውጥቼ አንዴ አነሳኋቸው። አንድ ቀን ማስረጃ ይሆነኛል አልኩ።

ፊልሞቹን ስንመለስ ቆጥረን ነው የምናስረክበው፤ ቆርጦ ማስቀረት አይቻልም። ከሠላሳ ስድስት ፎቶ መሃል በሩቁ የቆሙ ሁለት ሰዎችን ማን ልብ ይላል ብዬ አብሬ አስረከብኩት። ፊልም ሲታጠብ ፎቶዎቹ በሙሉ በጥፍር ጥፍር መጠን አንድ ወረቀት ላይ ይታተማሉ፤ አዘጋጁ ደግሞ የወደደውን በቀይ እርሳስ ይከበዋል። የማርሴይ ወረቀት አራት ቀይ ክብ ነበረበት። ሦስቱ መጽሔቱ ላይ ወጡ። አራተኛው የጌንቾና የዚያ ጀርባ ፎቶ ነው፤ እሱ አልወጣም። ቦታ አጥሯቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ወር ፓስፖርቴን መልስ ተባልኩ። ምክንያት አልተነገረኝም። ከዚያ ወዲህ የድንችና የትራክተር ፎቶ ሳነሳ ጡረታ ወጣሁ፤ የድሮ ፊልሞቼን የመለሱልኝ ያኔ ነው። ጌንቾም አብሮኝ ተከለከለ፤ እኔ ግን ይህንንም አላመንኩም። ጆሮ ጠቢ እንዳይነቃበት አብሮ ይታሰራል፤ አብሮ ያለቅሳል። እሁድ እሁድ ቼዝ እየተጫወትን ያገራችንን አረቄ፣ ራኪያ፣ እንጠጣለን፤ እኔ ድንገት ጣልቃ አስገብቼ "ማርሴይ ላይ ያ የዓሣ ሽታ ትዝ ይልሃል?" እልና ቅንድቡን አያለሁ። እሱ ሁልጊዜ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ ይላል። "ተጫወት፣ ተራው ያንተ ነው" ይለኛል። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ መልስ አልሰጠኝም።

አሁን ሞተ። ሳይናዘዝ ሞተ። ሚስቱ ደግሞ ፊቱ የሚያምርበትን ፎቶ ስጠኝ ትለኛለች።

እኛ ዘንድ የሐዘን ወረቀት የሚያወጣው ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም የራሱን አሳትሞ መለጠፍ ይችላል፤ የሚከለክለው የለም፣ የተለጠፈን የሚቀድም ደግሞ ነውረኛ ይባላል። እንግዲያው እኔም የራሴን ላወጣ ወሰንኩ። ፎቶው የማርሴዩ ይሆናል። ጽሑፉን በደህናው ብዕሬ ጻፍኩት፦ "ጌንቾ እዚህ ላይ ከማን ጋር እንደቆመ የሚያውቅ ያውቃል። ፓስፖርቱን የተነጠቀው ጓደኛው ማኖል።" ስድብ የለበትም። የሚያነበው ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። ለዐርባው ቀን ጠዋት፣ ንፍሮ ሊቀምስ የሚመጣው ሰው ሁሉ በሚያልፍባቸው ዛፎች ላይ ልለጥፈው አሰብኩ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ኔጋቲቩን አጉሊ መነጽር ሥር ሳስገባው ከዚህ በፊት ልብ ያላልኩት ነገር አየሁ። የግራጫ ኮቱ እጅጌ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ የሰውየው አንጓ ላይ ክር አለ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ የተገመደ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። ቀይና ነጭ ክር ማለት ደግሞ የአያት ማርታ ክር ነው፤ ማርች አንድ ቀን እንተሳሰረዋለን፣ የመጀመሪያዋን ሽመላ እስክናይ አናወልቀውም። ፈረንሳዊ አያስረውም። ሰውየው የእኛ አገር ሰው ነበር ማለት ነው!

ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞርኩት። ማርሴይ ድረስ ሄዶ፣ ከእኔ ተደብቆ፣ ባርኔጣ የደፋ ያገራችን ሰው የሚያገኘው ለምንድን ነው? ከላይ የተላከ አለቃው ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል። አርባ ዓመት የጠረጠርኩት ነገር አንጓው ላይ ታስሮ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ሰዉ ሁሉ ክሩን እንዲያየው ፎቶውን አጉልቼ ማተም ነበረብኝ።

ጨለማ ክፍሌ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ከምሳ በፊት መስኮቱን በብርድ ልብስ ከደንኩ፣ ቀዩን አምፖል አበራሁ፣ የሁለቱን እጆችና የጌንቾን ፊት ብቻ እንዲይዝ አድርጌ ወረቀቱን ትሪው ውስጥ ነከርኩ። መጀመሪያ የጌንቾ ግንባር መጣ። ቀጥሎ ዓይኖቹ። በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያየው እኔን ነበር፤ በቀጥታ ሌንሱን። አይቶኛል ማለት ነው። ቀጥሎ እጆቹ ወጡ። ምንም እየተቀባበሉ አልነበረም። ጌንቾ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ለሰውየው እያሰረለት ነበር። ቋጠሮው አጠገብ አንዲት ነጭ ነገር ታበራለች፤ ክብ ናት፣ መሃሏ ላይ ሁለት ቀዳዳ አላት።

የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች።

ወረቀቱ ትሪው ውስጥ ጠቆረ፤ አላወጣሁትም። አባታችን የሞተው እኔ ስምንት ዓመቴ፣ ዲሞ አምስት ሳለን ነው። እናቴ የሠርግ ሸሚዙን ቁልፎች ነቅላ አስቀመጠች፤ ዕንቁ የሚመስሉ፣ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ያላቸው። በየዓመቱ ማርች አንድ ቀን ለእኔና ለዲሞ ክር ስትገምድልን አንድ አንድ ቁልፍ ታስርበታለች። ሽመላ አይተን ክሩን ዛፍ ላይ ስናንጠለጥል ቁልፉን ትቀበለናለች፣ ለሚቀጥለው ዓመት። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ቤት አላውቅም። እዚያ ወደብ ላይ ካሜራውን ይዤ ስቆም የእኔም አንጓ ላይ አንዷ ነበረች።

አሁን ሁለቱም ሙሉ እንዲታዩ አድርጌ ሁለተኛ ወረቀት አተምኩ፤ አሁንም ቁልፏ ወጣች። ሳይደርቅ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ዶብሪና ቤት ሄድኩ። የጻፍኩት ጽሑፍ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ዶብሪና ለዐርባው የሚሆን ስንዴ ትለቅም ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጎንበስ አለች፤ ብዙ አየችው።

"ይኼ ሰውዬ ዲሞ ነው?" አልኳት።

"ዲሞ ነው።"

ስንዴውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ነገረችኝ። ዲሞ ከቪየና ተነስቶ ማርሴይ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲያልቅ እናቴ አንዲት ክር ገምዳ፣ በመሐረብ ጠቅልላ ለጌንቾ ትሰጠዋለች። ጌንቾ ባቡር ወይ መርከብ በምንቀይርበት ከተማ ለዲሞ ይደውልለታል ወይ ሰው ይልክለታል፤ ዲሞ ሌሊቱን ተጉዞ ይመጣል፣ ክሩ ይታሰርለታል፣ እናቱ ደህና መሆኗን ሰምቶ ይመለሳል። ታንጀር ላይ ስልክ ቤቱ በር ላይ የቆመው ለዚህ ነበር። እንዲህ አራት ጊዜ ተገናኝተዋል። ማርሴይ አራተኛው ነበር።

"ለምንድን ነው ለኔ ያልተነገረኝ?"

"አንተማ ወንድም የለህም እኮ፣ ማኖል።"

በክፋት አልነበረም ያለችው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። ቀጠለች። አትንገሩት ያለችው እናቴ ራሷ ነበረች። ወንድሙ የከዳ ሰው ፓስፖርት ይዞ ዓለምን የሚዞረው ምን ቢሰጣቸው ነው ይል ነበር ሰፈሩ። እናቴም ትል ነበር። ዶብሪናም ብላለች፤ እስካሁን ድረስ እርግጠኛ እንዳልሆነች ፊቴ ላይ ነገረችኝ።

ተቀመጥኩ። እኔ ጠርጣሪው፣ እኔ ንቁው፣ የተጠረጠርኩት እኔ ነበርኩ። በገዛ እናቴ።

"ጌንቾስ?" አልኳት።

"እሱ አይጠረጥርም ነበር። ጉዱም ያ ነው።"

"ታዲያ ፓስፖርታችንን ያስነጠቀን ማነው?"

ጣቷን ፎቶው ላይ፣ ክሩ ላይ አሳረፈች። "ይኼ ነዋ" አለች።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከማርሴይ በተመለስን በሦስተኛው ወር የጸጥታ ሰዎች ጌንቾን ጠርተው ሦስት ቀን አቆዩት። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡለት ይህንኑ ፎቶ ነበር። ይሄ ክር ያሰርክለት ያገርህ ሰው ማነው አሉት። የማላውቀው መርከበኛ ነው፣ አገሩ ናፍቆት አሳዘነኝ አላቸው። አላመኑትም፤ ግን የያዙት አንድ ጀርባ ብቻ ስለነበር ሌላ ነገር ማምጣት አልቻሉም። ሁለታችንንም ከልክለው ዘጉት። አራተኛውን ቀይ ክብ ያደረገው አዘጋጁ አልነበረም። ከአዘጋጁ በፊት ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር የሚያይ ሌላ ሰው እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር፤ እኔን ይመለከታል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ለዲሞ ክር የሚያደርስለት አልተገኘም። እናቴ ለሁለት ዓመት ማርች አንድ ላይ ሁለተኛዋን ክር የመስኮቱ እጀታ ላይ ስታስር አይቻታለሁ፤ የእርጅና ነገር መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ዲሞ ደግሞ የአገሩ በር ሊከፈት አንድ ዓመት ሲቀረው ወደቡ ላይ ጭነት ወድቆበት ሞተ፤ ደብዳቤው የመጣው ለጌንቾ ነው።

"ማን እንዳነሳው ያውቅ ነበር" አልኩ። "ሌንሱን እያየ ነው።"

"ያውቅ ነበር እንጂ። ከዚያ ቦታ የለቀቁት ቀን ነገረኝ። 'ማኖል ነው ያነሳኝ፤ ምን እንዳነሳ ግን አያውቅም። እንዳትነግሪው፤ ወንድሙን ከእናቱ ያቆራረጠው እሱ መሆኑን ካወቀ በሕይወት አይኖርም' አለኝ። እኔ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር መሰለህ። ተናድጄብህ። እሱ ግን ቃል አስገብቶኛል። ዛሬ ራስህ ይዘኸው መጣህ።"

እሁዶቹ ትዝ አሉኝ። "ማርሴይ" ባልኩ ቁጥር ወደ ሰሌዳው የሚያጎነብሰው ጥፋቱን ሊደብቅ ይመስለኝ ነበር። የእኔን ጥፋት ከእኔው እየደበቀ ነበር። አለቀስኩ። ዶብሪና ስንዴዋን ወደ ራሷ ስባ መልቀሟን ቀጠለች።

መሐረቤን ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት ጽሑፉ አብሮ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ላነሳው ስል ቀደመችኝ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ፎቶውን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች፤ ምን ላደርግ እንደነበር ገባት።

"ጽሕፈትህ እንደ ድሮው ያምራል" አለች።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። ከመሳቢያው መቀስ አወጣች። ፎቶውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ቆረጠችው። ጌንቾ ሌንሱን እያየ ያለበትን ግማሽ ለራሷ አስቀመጠች፤ ለዐርባው የፈለገችው ይኸው ነበር፣ ፊቱ በደንብ ይታያል። የጀርባውን ግማሽ ወደ እኔ ገፋችው።

"ይኼ ያንተ ነው" አለችኝ።

ሠላሳ አገር ዞሬ፣ አሥራ አንድ ሳጥን ፎቶ ይዤ፣ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ያነሳሁት የወንድሜ ፎቶ ይኼ ብቻ ነው። ባርኔጣ፣ ግራጫ ኮት፣ ክር ያለበት አንጓ።

ዐርባው ማርች አንድ ቀን ላይ ዋለ። ሰዉ ሁሉ ቀይና ነጭ ክር አስሯል። ከቤቴ እስከ ዶብሪና ቤት አሥራ ዘጠኝ ዛፍ አለ፤ በአሥራ ዘጠኙም ላይ ጌንቾ ነበር። ዛፍ ባለፍኩ ቁጥር ያየኛል፤ የአውቶቡሱ ፎቶ ስንኳ ይሻል ነበር። ዝናብ እስኪያወርደው እንዲህ ነው፤ ለመንፈቁ ይመለሳል፣ ለሙት ዓመቱም ይመለሳል።

የዚያኑ ቀን ጠዋት የጀርባውን ግማሽ ያተምኩበትን የእኔንም ወረቀት ይዤ ወጥቼ አንዱን በቤቴ በር፣ አንዱን በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ፔንካ ነገር ሳታጣራ አታድርም፤ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ከደጃፉ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፎ ነበር።

"ጋሽ ማኖል፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ፊት የሌለው ሰው ይለጠፋል እንዴ? ማን ነው?"

"ወንድሜ ነው።"

ፔንካ ፎቶውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች። "እናቴ ወንድም የለውም ስትል ነው የሰማሁት" አለች። እንዳላመነችኝ ታስታውቃለች፤ አልፈረድኩባትም።

"ወንድሜ ዲሞ ነው" አልኳት፤ የተሰለፉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላት።